አስራ ዘጠኝ ነጥብ ያገኘው መጽሐፍ

በ2091 ዓ.ም.፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ጋራዥ ውስጥ የወንበር ልብስ የምትሰፋው ሒክመት አብዱላሂ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን መጽሐፍ ሳታውቀው ገደለችው። የገደለችው ሦስተኛ ጊዜ በማንበቧ ነው።

ወሬው የደረሳት ከምሳ በኋላ ነበር። ድሬ ላይ ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ተኩል ማንም እንዳይሠራ ደንብ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ፀሐይዋ አታሠራም። በዚያ ሰዓት የጋራዡ ሠራተኞች ጥገና የሚጠብቁት ፉርጎዎች ውስጥ እየገቡ ይጋደማሉ። ሒክመትም እንደ ልማዷ አንድ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ሩዝ በፍየል ሥጋዋን በላች። እጇ ላይ ያለው አምባር ምሳዋን 64 ብሎ መዘገበ። ቀጥሎ የንባብ ሰሌዳዋን ስትከፍት ገጹ ላይ አንድ ማስታወቂያ ቆሞ አገኘችው።

«ክብርት አንባቢ፦ ያነበቡት ‹ዝናብ መዝጋቢው› የተባለ መጽሐፍ አማካይ ነጥቡ ከአርባ በታች ስለወረደ ከአስራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት ይከደናል። የእርስዎ የመጨረሻ አስተያየት፦ 19። ስለ ቅን አስተያየትዎ እናመሰግናለን።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። መከደን ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ገጾቹ ከየሰው ሰሌዳ ላይ ይጠፋሉ፣ ስሙም ከዝርዝር ይወጣል። በዓመት ስድስት ሰባት ሺህ መጽሐፍ ይከደናል፤ ለማንም አይነገርም፤ ለመጨረሻው አንባቢ ብቻ በትሕትና ይነገረዋል። እሷን የገረማት ግን ሌላ ነገር ነው። አስራ ዘጠኝ? እኔ ነኝ አስራ ዘጠኝ ያልኩት?

አስተያየት መጻፍ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኗል። መጽሐፉን ስታነቢ አምባሩ የልብ ምትሽን፣ ትንፋሽሽን፣ የመዳፍሽን ላብ ይለካና ቁጥሩን ራሱ ይልካል። ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ዋልሽ?» ማለታቸውን ትተው «ስንት ዋልሽ?» ካሉም ቆይተዋል። መጽሐፍ ያነበበ ሰው «ምን ይመስላል?» አይባልም፤ «ስንት አወጣልህ?» ነው። ዘጠና ካወጣ ጥሩ፣ አርባ ካወጣ መጥፎ፤ ወሬው በዚያው ያልቃል።

የሒክመት ችግር ከተፈጥሮዋ ነው። ስትደነግጥ ዝም ትላለች፤ ስትደሰት ደግሞ ይበልጥ ዝም ትላለች። በሠርጓ ዕለት አምባሯ 33 መዝግቦ የባሏ ዘመዶች ስድስት ወር አኩርፈዋት ነበር። ባሏ አብዲ ብቻ ስቆ አለፈው። አብዲ የባቡር ነጂ ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። «ዝናብ መዝጋቢው»ን ያገኘችው እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ማንም የማይከፍተው የዝርዝሩ ግርጌ ላይ፣ የጅንና የመንፈስ ልብወለዶች ከተደረደሩበት ነው። ከእሷ በፊት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያነበቡት አስራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አማካያቸውም አርባ ሦስት። እሷ መጀመሪያ ስታነበው 27 ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ 22። ሦስተኛ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ገጽ እንደሚመጣ ዘመድ እየጠበቀች ስታነበው፣ 19።

ስሌቱን በጣቷ ሠራችው። ሁለቴ ብቻ አንብባው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በሕይወት ይኖር ነበር።

ለማን እንደምትነግር ስታጣ ጎረቤት ፉርጎ ውስጥ ለተጋደመው ለኢብሳ ነገረችው። ኢብሳ የጋራዡ በያጅ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ከሰማንያ በታች ያወጣ መጽሐፍ ከፍቶ አያውቅም። ተንጋሎ እንደተኛ ሰማትና «ታዲያ ቀላል ነው» አላት። «እየሮጥሽ አንብቢው። ልብሽ ይምታ!»

ሞከረችው። በማግስቱ አስር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሰሌዳውን ፊቷ ላይ ይዛ የጋራዡን ግቢ ሦስት ጊዜ ዞረች። አንድ መፍቻ ረግጣ ልትወድቅ ነበር። አምባሩ «ስፖርት፦ 71። ንባብ፦ ተቋርጧል» ብሎ መዘገበ። ኢብሳ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን አዘነላትና «እኔ ላንብበው» አለ። «እኔ በትንሽ ነገር ነው ልቤ ዘሎ የሚወጣው። ዘጠና አወጣልሻለሁ።»

ስድስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አስራ አንድ አወጣ። አማካዩም ከሠላሳ ስምንት ወደ ሠላሳ ስድስት ወረደ።

«ይቅር በይኝ ሒኪ» አላት ሲነቃ፣ ዓይኑን እያሸ። «ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ምኑን ነው የወደድሽው?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። «ጥሩ ነው» አለችና በራሷ አፈረች።

የመጻሕፍት ምዘና ጽሕፈት ቤቱ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ ጥላ ከሚያጠሉበት መንገድ ዳር ነው። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ ያገኘቻት ትርሲት የምትባል ሠራተኛ ማመልከቻውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አምባሩ ተሳስቷል ነው የምትዪው?»

«አዎ።»

«አምባር አይሳሳትም እኮ እህቴ። ሰውነትሽ ያለውን ነው የጻፈው። ምናልባት ወደድኩት ብለሽ የተሳሳትሽው አንቺ ትሆኚያለሽ።»

«ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የማይወደውን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ የሚያነብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ትርሲት ማመልከቻውን እንደገና አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ከኋላዋ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የወረቀት መዝገብ አወጣች፤ ወረቀት። አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችው። «አንድ አንቀጽ አለ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አስራ አራት። የቃል አስተያየት ይባላል። አንባቢው ሦስት አድማጮች ፊት ቀርቦ ስለ መጽሐፉ መናገር ይችላል። እኔ እዚህ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የጠየቀ ሰው አላየሁም።»

«ልጠይቅ።»

«አድማጮቹ የሚቀመጡት የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ምን ትያለሽ ግን?»

«እሱን እስከ ማክሰኞ አውቀዋለሁ» አለች ሒክመት። የተናገረችውን ራሷም አላመነችውም።

ስምንት ቀን ነበራት። በየቀኑ በምሳ እረፍት ኢብሳን አስቀምጣ መናገር ተለማመደች። በመጀመሪያው ቀን አራት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ደከማት። በሁለተኛው ቀን ኢብሳ «አልገባኝም፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ለምን አይሄድም?» አለና አስቆማት፤ ለምን እንደማይሄድ ስታስረዳው የሸመደደችውን ረስታ በራሷ ቃል ታወራ ነበር። በአራተኛው ቀን ሁለት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ከጎረቤት ፉርጎ መጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። በስድስተኛው ቀን ኢብሳ ራሱ የእረፍቱ ማብቂያ ሲደወል «ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህ ጋ አታቁሚ» አለ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ገባች። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰብሳቢ አቶ ዳምጠው ጥቁር ሱፍ ለብሰው በድሬ ሙቀት ላባቸውን ይጠርጋሉ። በቀኛቸው ኢማን የምትባል የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ በግራቸው ጡረታ የወጣ ሙሴ የሚባል የባቡር ነጂ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የሦስቱ አምባር ቁጥር ጎላ ብሎ ይታያል። 52፣ 47፣ 50። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ሒክመት ተናግራ ስትጨርስ አማካያቸው ከአርባ በላይ ከሆነ መጽሐፉ ይተርፋል። ኢብሳ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ግማሽ ሰዓት አለዎት፣ ወይዘሮ ሒክመት» አሉ አቶ ዳምጠው።

«እሺ። አንተ እዚያ መጋረጃው ጋ ዞር ብትል ይሻልሃል፤ ነፋስ አለው» አለቻቸው።

ሰብሳቢው በድንጋጤ ቀና አሉ። ሙሴ ጉሮሮውን ጠራረገና «ድሬ ላይ አንቱታ የለንም፤ ንቀት እንዳይመስልህ» አላቸው። አቶ ዳምጠው ትንሽ አሰቡና ወንበራቸውን ወደ መጋረጃው ሳቡ።

ሒክመት ጀመረች። «መጽሐፉ ስለ አንድ የመንግሥት መዝጋቢ ነው። ስሙ ወርዶፋ ይባላል። አገሩ ላይ ዝናብ ከቆመ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ሰውዬው ግን ዝናብ የመመዝገብ ሥራ ላይ ነው የተቀጠረው። በየቀኑ ‹ዜሮ› ብሎ ይጽፋል። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትመጣና ‹ቤቴ ውስጥ ይዘንባል› ትለዋለች።»

ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ወረደ። 44፣ 41፣ 46።

«ሄዶ ያያል። እውነትም ይዘንባል። ጣሪያው አይፈስም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የሚዘንበው መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ፣ ባሏ ይተኛበት በነበረው ጎን ብቻ ነው። በእሷ በኩል ጠብ አይልም። ሰውዬው ጅን ነው ብሎ ሊሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም፤ መለኪያ ጣሳውን አወጣና ከዝናቡ ስር አስቀመጠ። ሥራው ነዋ!»

ሙሴ ፈገግ አለ። ቁጥሩ ግን ወረደ። 38፣ 35፣ 33። ጥግ ላይ መዝገብ የምትይዘው ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ሒክመትም አየችው። ድምጿን ልታፈጥን፣ እጇን ልታወራጭ፣ ልታስደነግጣቸው አሰበች። ከዚያ ተወችው፤ መጽሐፉ እንደዚያ አይደለምና።

«ጣሳውን ሲያነሳ ውኃው ውስጥ ድምፅ ሰማ። ጆሮው ላይ ቢያደርገው አንዲት ቃል ናት። ጻፋት። በማግስቱ መጣ፤ ሌላ ቃል። በየቀኑ አንድ ቃል ብቻ። ሴትየዋ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ አያወሩም። እንዲህ እያለ ነው አራት መቶ ገጽ የሚሄደው። ፍጥነት የለውም። ጦርነት የለውም። አንድ ሰው ለአንዲት ሴት፣ ባሏ ሊነግራት ፈልጎ ሳይነግራት የቀረውን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በየቀኑ አንድ ቃል እየመዘገበ ያደርስላታል።»

31፣ 28፣ 26።

«እንግዲህ» አለች ሒክመት፣ «አምባሬ ይህንን መጽሐፍ አስራ ዘጠኝ ብሎታል። አልዋሸም፤ ሳነበው ልቤ ቀስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አቶ ዳምጠው። ባሌ አብዲ የሞተ ዕለት አምባሬ ስንት እንደጻፈ ታውቃለህ?»

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰማንያ ስምንት። በሕይወቴ ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ ‹እንደ እሱ ያለ ቀን እንዲደገምልዎ እንመኛለን› የሚል መልእክት ሲልክልኝ ኖሯል። ያንን ቀን ወድጄዋለሁ ማለት ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤ እየተንደረደረ ነው የኖረው፤ ስሰፋም፣ ስበላም፣ ስተኛም። ይህንን መጽሐፍ ከፍቼ ያ ሰውዬ ጣሳውን ከዝናቡ ስር ሲያስቀምጥ ነው ልቤ መጀመሪያ ያረፈው። ሁለተኛ ያነበብኩት እንደገና እንዲያርፍልኝ ነው። ሦስተኛ ያነበብኩት ግን ለሴትየዋ ብዬ ነው፤ ብቻዋን እንዳትቀመጥ። እኔ ስለ መጽሐፉ ያለኝ አስተያየት ይኸው ነው።»

ከዚያ ስለ ሴትየዋ ነገረቻቸው፤ ቃሎቹ ሲጠራቀሙ ዓረፍተ ነገሩን ለመገመት እንዴት እንደምትታገል፣ መዝጋቢውን እንዴት እንደምትቆጣው፣ ዝናቡ የቀነሰ ዕለት እንዴት እንደደነገጠች። ጉድለቱንም አልደበቀችም፤ «መሐል ላይ ስለ ከንቲባው የሚያወራው ምዕራፍ ረዝሟል፤ እኔ ብሆን አሳጥረው ነበር» አለች። አዳራሹ ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ኢማን አገጯን በእጇ ደግፋለች። ሙሴ የሩቅ ሐዲድ የሚያይ ይመስል ዓይኑን አጥብቦ ተቀምጧል።

«የመጨረሻው ቀን መዝጋቢው የመጨረሻዋን ቃል ይዞ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማለች። ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብሎ ነገራት» አለችና ሒክመት ተቀመጠች።

ግድግዳው ላይ 23፣ 20፣ 17 ይላል። አስራ ሰባቱ የአቶ ዳምጠው ነው።

«ቃሏ ምን ነበረች?» አሉ ሰብሳቢው።

«አልነግርህም።»

«ማለት?»

«አንብበው። እስከ ሐሙስ አለ።»

«ከሐሙስ በኋላስ?»

«ከሐሙስ በኋላማ አታውቃትም።»

ሙሴ ጠረጴዛውን መትቶ ሳቀ። ትርሲት ግን ግዴታዋ ነውና ተነስታ አማካዩን አነበበች። «ሃያ። በአሠራሩ መሠረት መጽሐፉ...» ድምጿ ተቋረጠ።

አቶ ዳምጠው እጃቸውን ዘረጉ። «እስኪ አንቀጹን አምጪልኝ።» መዝገቡን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡት። «‹አድማጮቹ የአንባቢውን ቃል ሰምተው ያመኑ እንደሆነ፣ ምክንያታቸውን ጽፈው ይፈርማሉ፤ መጽሐፉም ይቆያል።›» ቀና አሉ። «አምባር የሚል ቃል የቱ ጋ ነው ያለው?»

«እሱ በኋላ የመጣ አሠራር ነው» አለች ትርሲት። «አንቀጹ ውስጥ የለም።»

ሰብሳቢው ዞረው ግድግዳው ላይ ያለውን የራሳቸውን ቁጥር ረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ መጽሐፍ በመመዘን ሥራ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «ይህ ቁጥር ሰልችቶኛል እያለ ነው። አልሰለቸኝም። እንዲያውም እንድታቆም አልፈለግኩም ነበር።» በግራና በቀኛቸው ወደተቀመጡት ዞሩ። «እናንተስ?»

«እኔ ዛሬውኑ ልጀምረው ነው» አለች ኢማን። ሙሴ ደግሞ እስክሪብቶውን አንስቶ መጻፍ ጀምሮ ነበር።

ከባዱ ነገር ምክንያቱን መጻፍ ሆነ። ሦስቱም ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው እንደ ተፈታኝ ተማሪ ላባቸውን ጠረጉ። አቶ ዳምጠው ሁለት ጊዜ ጽፈው ሰረዙ። በመጨረሻ አንገታቸውን አቅንተው ሒክመትን ጠየቋት። «‹ዝም አሰኘኝ› ብዬ ብጽፍ ምክንያት ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ!» አለች። «ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት አለ?»

ፈረሙ። ሦስቱም። ኢብሳ ከኋላ ወንበር ላይ ተነስቶ አንድ ጊዜ አፏጨ፤ ትርሲት ማህተሙን ስትመታ ጠረጴዛው ተናወጠ። ሒክመት ውጭ ወጥታ ዛፉ ስር ቆመች።

ትርሲት በዚያው ሳምንት አንድ ነገር አደረገች፤ ያደረገችውም ሥራዋ የሚፈቅድላትን ነበር። ሊከደኑ ለተቃረቡት መጻሕፍት የመጨረሻ አንባቢዎች በሙሉ ከሚላከው ማስታወቂያ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች፦ «በአንቀጽ አስራ አራት መሠረት በቃል አስተያየት መስጠት ይችላሉ።»

በቀጣዩ ሰኞ ሒክመት የፍርዱን ቅጂ ልትወስድ ብትመጣ የቃል አስተያየት ሊሰጡ የመጡ ሰዎች ሰልፍ ከአዳራሹ ወጥቶ የዛፎቹን ጥላ ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ታጥፏል። ሠላሳ አራት ቆጥራ ተወችው። አንዲት ነርስ ስለ ሙታን አውቶቡስ ነጂ የተጻፈውን ልብወለድ ለማትረፍ መጥታለች፤ «መጨረሻው ቢጣደፍም የመጀመሪያው ጉዞ ብቻውን ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል» ትላለች። አንድ አናጺ ጅብ ዳኛ ሆኖ ችሎት ስለሚቀመጥበት መንደር እየተናገረ ከኋላው ያለውን ሰው ክንድ ይዞታል። ከኋላው ያለው ሰው ደግሞ «ጅቡስ ይሁን፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ጅን ግን ወሬ አበዛ፤ ጅን እንዲህ ይለፈልፋል?» ብሎ ይከራከረዋል። ሰዎቹ ለረጅም ጊዜ አፋቸው ተዘግቶ የኖረ ይመስል ይንተባተባሉ፣ ቃል ያጣሉ፣ እጃቸውን ያወራጫሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ። ሒክመት በሰልፉ ዳር ቀስ እያለች አለፈች፤ ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸው መጻሕፍት በግራና በቀኝ ይወደሱ ይወቀሱ ነበር።

ኢብሳ በሩ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«መጽሐፍሽን ጨረስኩት» አላት። «ሙሉውን። አልወደድኩትም።»

ሒክመት ቆመች። «ስን...»

«ስንት አይደለም! ስሚኝ። ሴትየዋን እወዳታለሁ። ዝናቡም ጥሩ ነው። ግን ያ መዝጋቢ ፈሪ ነው! አራት መቶ ገጽ ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ የራሱን አንዲት ቃል አልነገራትም። የሞተው ሰውዬ እንኳ ተናገረ፤ እሱ በሕይወት ያለው ዝም አለ። ደራሲዋ ይህንን ሳታየው ቀርታ ነው፤ ወይም አይታው አልፋዋለች፤ እኔ ሁለቱንም ይቅር አልላትም። ተናድጄ ነው የጨረስኩት።»

ሒክመት አፏን በእጇ ያዘች። መጽሐፉን ካገኘችው ጀምሮ ስለ እሱ ከሌላ ሰው አፍ የሰማችው የመጀመሪያው አስተያየት ይህ ነበር፤ ደግሞም የተሳሳተ ነበር፤ ከሥሩ የተሳሳተ! ደስ አላት። የኢብሳን ክንድ ይዛ ጥላው ስር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ጎተተችው።

«ቁጭ በል» አለችው እየሳቀች። «አንድም ነገር አልገባህም። ቁጭ በልና ልንገርህ።»